«ኮንትራት ነሽ» የተባለችው ሠራተኛና የ2 በመቶው ነገር፦ ከድሬዳዋ አንድ የጉዳይ ጥናት

ድሬዳዋ ውስጥ የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ብዙ የግብር ፋይል በእጄ ያልፋል። አብዛኛው ተጣድፎ መጥቶ ተጣድፎ ይሄዳል። ይህኛው ግን ወራት ፈጀ፤ እኔንም ብዙ አስተማረኝ። እንዲጻፍ የፈለገችው ባለጉዳይዋ ራሷ ናት። «ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ጻፈው አቦ» አለችኝ። ስሟንም የድርጅቱንም ስም አልጠቅስም። ማንነት የሚያጋልጡ ጥቃቅን ነገሮችንም ቀይሬአለሁ።

መነሻው

ልጅቷ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አላት። ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ የትራንዚት ቢሮ ትሠራለች። በጅቡቲ በኩል ለሚገባ ዕቃ ሰነድ ታዘጋጃለች፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ) ትሞላለች፣ ፋይል ትይዛለች። ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ትሠራለች። የሙቀቱ ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ከ9 እስከ 12። በሳምንት ስድስት ቀን።

ሥራ ስትጀምር መጀመሪያ የተጠየቀችው ቲን ቁጥር፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነበር። «ቲን አውጥተሽ ነይ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም» አሏት። በሁለት ቀን አውጥታ ሄደች። ከዚያ «የአገልግሎት ውል» የሚል ሁለት ገጽ ወረቀት ፈረመች። ውሉ ለሦስት ወር ነው፤ ሲያልቅ ይታደሳል። እኔ ጋ ስትመጣ አሥረኛው ውል ላይ ነበረች። በሁሉም ላይ «አገልግሎት ሰጪዋ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለችም» የሚል አንቀጽ አለ።

ክፍያው በወር 7,500 ብር ነው። ከዚያ ላይ 2 በመቶ፣ ማለትም 150 ብር ይቆረጥና 7,350 ብር በባንክ ይገባላታል። ይህ 150 ብር በብዙዎቻችን አፍ ዊዝሆልዲንግ የምንለው ነው። በወቅቱ በነበረው ሕግ ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ የአገልግሎት ክፍያ 2 በመቶ ተቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው ይገባ ነበር። ቲን ቁጥር የሌለው ሰው ደግሞ 30 በመቶ ይቆረጥበት ነበር። ድርጅቱ ለቲኑ የቸኮለው ለዚህ ነበር።

ለልጅቷ በየወሩ የተቆረጠበትን ደረሰኝ ይሰጧት ነበር። አንዱንም አልጣለችም። እና ሁሌም የምታስበው «ግብሬ እየተከፈለ ነው» ብላ ነበር።

ችግሩ እንዴት ወጣ

በ2016 መጀመሪያ ላይ ከእህቷ ጋር ታይዋን ገበያ ውስጥ ትንሽ የልብስ ሱቅ ለመክፈት አሰቡ። ንግድ ፈቃዱ በእሷ ስም እንዲሆን ተስማሙ። ለዚያ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባት የሚያሳይ ማረጋገጫ ተጠየቀች። ግብር ቢሮ ስትሄድ ቲኗ ላይ የሁለት ዓመት ክፍያ ተመዝግቦ ተገኘ። የዓመት ማስታወቂያ ግን አንድም የለም።

መስኮቱ ጋ የነበረው ሠራተኛ ሲስተሙ ያሳየውን ነገራት። ለሲስተሙ እሷ አገልግሎት የምትሸጥ ነጋዴ ናት። በሠንጠረዥ «ሐ»፣ በንግድ ሥራ ገቢ፣ በየዓመቱ ማስታወቅና መክፈል ነበረባት። አላደረገችም። ጥር 2016 ላይ የውሳኔ ማስታወቂያ ደረሳት። ከቅጣትና ከወለድ ጋር ከ40,000 ብር በላይ።

ያን ቀን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ደረሰኞቿን አወጣች። ሃያ ስምንት ደረሰኝ፣ በወር ቅደም ተከተል፣ በላስቲክ ታስረው። «ይኸው ከፍያለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከፍላለች። የከፈለችው ግን ቅድሚያውን ነው።

ሂሳቡ ሲዘረጋ

ዊዝሆልዲንግ የመጨረሻ ግብር አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ከሚመጣው ግብር ላይ የሚቀነስ ቅድመ ክፍያ ነው። ልዩነቱ የቱን ያህል እንደሆነ በእሷ ሂሳብ ላሳይ።

የ2014 ግብር ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ሰኔ 10 ወር ሠርታለች፤ 75,000 ብር። ወጪ ሳይቀነስ በወቅቱ በነበረው የግለሰብ ነጋዴ ማስከፈያ ሲሰላ ግብሩ 11,970 ብር ነው። የተቀነሰባት 1,500 ብር። ቀሪ 10,470። በ2015 ደግሞ 12 ወር ሙሉ፣ 90,000 ብር። ግብሩ 15,720፣ የተቀነሰባት 1,800፣ ቀሪ 13,920። ሁለቱ ሲደመሩ 24,390 ብር ይሆናሉ። የቀረው ቅጣትና ወለድ ነው። ያልተከፈለ ግብር ላይ ባለማስታወቅ ብቻ በየወሩ 5 በመቶ እየተጨመረ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ዘግይቶ የመክፈል ቅጣቱ ለብቻው ነው። ወለዱም እንደዚያው።

አሁን ሌላውን ሂሳብ እንይ። ከመጀመሪያው እንደ ሠራተኛ ተቀጥራ ቢሆንስ? ከ7,500 ብር ላይ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ በመቀጠር ገቢ፣ 1,310 ብር የሥራ ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ ጡረታ 525 ብር። በእጇ የሚገባው 5,665 ብር ነበር። ማለትም በ«አገልግሎት ውሉ» በየወሩ 1,685 ብር ብልጫ እያገኘች ነበር።

ይህን ቁጥር ሳትደብቁ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ዓይነት ውል ወዶ የሚፈርመው ለዚህ ነው። ሞኝ ስለሆነ አይደለም። የቤት ኪራይ አለ፣ ቤተሰብ አለ፣ 1,685 ብር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ችግሩ ከዚያ ብልጫ አብዛኛው የእሷ አለመሆኑ ነው። ገና ያልተጠየቀ ግብር ነው። የቀረው የጡረታ መዋጮዋ ነው። በዚያ ላይ ድርጅቱ ሊያዋጣላት የሚገባው 11 በመቶ፣ በወር 825 ብር፣ ጭራሽ አልነበረም።

የመጀመሪያው ስህተት የእኔ ነው

ወረቀቱን እንዳየሁ እጄ የሄደው ወደ ለመደው ሥራ ነው። ግብሩን እንቀንስ አልኩ። የባጃጅ፣ የስልክ፣ የኢንተርኔት ወጪ እንዲቀነስላት ደረሰኝ ፈልጊ አልኳት። ሁለት ቀን ደረሰኝ ስትለቅም ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ውሉን ደግሜ ሳነብ ነው የነቃሁት። ወጪ ይቀነስላት ብዬ ስጽፍ ነጋዴ ናት ብዬ እየፈረምኩ ነው። ነጋዴ ናት ወይ የሚለውን ማንም አልጠየቀም። እሷም፣ ግብር ቢሮውም፣ እኔም።

ከዚያም ሌላ ጊዜ አባከንን። ቢሮ ለቢሮ እየዞርን በአፍ ማስረዳት ጀመርን። የምናገኘው ሁሉ አዘነልን። ግን በአፍ የተነገረ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም። አንዱ «ድርጅትሽ ያስተካክል» ይላል፣ ሌላው «ኃላፊው ሲመጣ» ይላል። በዚህ መሀል 9 ቀን ሄደ። በግብር ውሳኔ ላይ የቅሬታ ማመልከቻ የሚቀርበው ማስታወቂያው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው።

ሠራተኛ ወይስ ራሱን ችሎ የሚሠራ?

የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ይህን ጥያቄ በውሉ ርዕስ አይመልስም። የሚያየው ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘውና የሚቆጣጠረው ማን እንደሆነ ነው። በሌላ ሰው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ሰው፣ ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ፣ ተቀጣሪ ነው። አሠራሩን ራሱ የሚወስን ደግሞ ራሱን ችሎ የሚሠራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም የሚጠይቀው በአሠሪው መሪነት ለደመወዝ መሥራትን ነው።

ለልጅቷ ያስረዳኋት በኤሲ ጠጋኙ ነው። የዚያው ቢሮ ኤሲ ሲበላሽ የሚጠሩት ሰው አለ። የራሱን መሣሪያ ይዞ ይመጣል። ሲመቸው ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜም በሁለተኛው ቀን። ዋጋውን እሱ ይናገራል። በዚያው ቀን ሌላ ሁለት ቤት ይሄዳል። ካልቻለ ወንድሙን ይልካል። እሱ በእርግጥም አገልግሎት ሰጪ ነው፤ 2 በመቶው ለእሱ ልክ ነበር። እሷ ግን ወንድሟን ልትልክ ትችላለች? ሳቀች። «አምስት ደቂቃ ባረፍድ እንኳ በጽሑፍ አስጠንቅቀውኛል» አለችኝ።

«የታለ ማስጠንቀቂያው?» አልኳት። አመጣችው። ጉዳዩ የተገለበጠው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለዚህ ሁሉ ግራ መጋባት ትልቁን ድርሻ የያዘው «ኮንትራት» የሚለው ቃል ነው። እኛ አገር ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠረን ሰው ኮንትራት እንለዋለን። ግንብ በቁርጥ ዋጋ የሚሠራውንም ኮንትራት እንለዋለን። ሁለቱ በሕግ ፊት ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ለስድስት ወር የተቀጠረ ሰውም ሠራተኛ ነው። የሥራ ግብርና ፈቃድ አለው። ልጅቷን «ኮንትራት ነሽ» ሲሏት የመጀመሪያው መስሏት ነበር። ወረቀቱ ላይ የፈረመችው ሁለተኛውን ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በኋላ የቀረውን ማሰባሰብ ቀላል ሆነ። የጣት አሻራ መቆጣጠሪያው ላይ ስሟ አለ። ፎቶዋ ያለበት ባጅ አላት። የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ሞልታ «አልተፈቀደም» ተብሎ ተመልሶላታል። በቴሌግራም ግሩፕ «እሁድ ሁላችሁም 2 ሰዓት ላይ ግቡ» የሚል ትእዛዝ አለ። የባንክ መግለጫዋ በየወሩ ያንኑ ገንዘብ ያሳያል።

ከሁሉም የበለጠው ግን አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ድርጅቱ ወደ ባንክ ሲልካት የጻፈላት ነው፤ «ሠራተኛችን ስለሆነች አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት» ይላል። ከ«ሠራተኛ አይደለችም» ውል አጠገብ አስቀመጥኩት። ያው ክብ ማኅተም፣ ያው ፊርማ። በመካከላቸው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለው።

በ18ኛው ቀን ማመልከቻውን አስገባን። አንድ ገጽ ነው። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ገቢው የንግድ ሳይሆን የመቀጠር ገቢ ስለሆነ ውሳኔው ይሻር፣ ግብሩም ከቀጣሪው በሠንጠረዥ «ሀ» ይጠየቅ። ስድስት ማስረጃ አያያዝን። መቀበላቸውን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ይዘን ወጣን።

ጎን ለጎን ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመለከተች። ተቆጣጣሪ ሄዶ ቢሮውን አየ። የጣት አሻራ ማሽኑን አይቶ ስንት ሰው እንደሚፈርምበት ጠየቀ። እንደ እሷ ያሉ ሌሎች ስድስት ሰዎች ነበሩ።

ከድርጅቱ ጋር የነበረው ንግግር

ሥራ አስኪያጁን መጥፎ ሰው አድርጌ መሳል አልፈልግም። መጀመሪያ የተናገራት ይህን ነው፦ «አንቺ፣ እኛ እኮ የጠቀምንሽ ነው የመሰለን። በእጅሽ የሚገባው ይበልጣል።» ያመነበት ይመስለኛል። ውሉን ከሌላ ድርጅት ገልብጠው እንዳመጡት በኋላ ነገረን።

በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ መብት ተናገርን። ፊቱ ተቆለፈ። በሁለተኛው አንድ ወረቀት ብቻ ይዤ ሄድኩ፤ የ29 ወር ሂሳብ። የሥራ ግብር በወር 1,310፣ በ29 ወር 37,990 ብር። ከዚያ የተቀነሰው ዊዝሆልዲንግ 4,350 ሲወጣ 33,640 ብር። ይህን ቀንሶ ማስገባት የነበረበት ቀጣሪው ነው፤ ካልቀነሰ ተጠያቂው ራሱ ነው። ይህ የአንድ ሰው ሂሳብ ነው አልኩት። ሰባት ናቸው።

ወረቀቱን ወስዶ ሂሳብ ሹሙን ጠራ። የተቀረው በሦስት ሳምንት አለቀ።

ምን ተገኘ፣ ምን ቀረ

የግብር ውሳኔው ተሻረ። የነጋዴ ፋይሏ ተዘጋ፣ ክሊራንሷም ሰኔ 2016 ላይ ወጣ። ድርጅቱ ያለፉትን ወራት በሠንጠረዥ «ሀ» አስታወቀ፤ ቅጣቱን ሙሉ በሙሉ ራሱ ቻለ።

ግብሩ ራሱ ግን አልጠፋም። በዚህ ላይ ሰው እንዲሳሳት አልፈልግም። 33,640 ብሩን ለሁለት ተካፈሉት። የእሷ ድርሻ በወር 700 ብር፣ ለ24 ወር ከደመወዟ እንዲቆረጥ ተስማማች። ደመወዟም ወደ 8,800 ብር ከፍ አለ። ከዚያ ላይ 1,685 የሥራ ግብር፣ 616 ጡረታ፣ 700 ዕዳ ሲቆረጥ 5,799 ብር ይቀራታል። ቀድሞ 7,350 ትወስድ ነበር። የመጀመሪያውን ደመወዝ የተቀበለች ዕለት «አቦ፣ ሕጋዊ ሆኜ ደኸየሁ» ብላ ደወለችልኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቤት ኪራዩ አልቀነሰላትም።

የትርፍ ሰዓቱ ነገርም አልተሳካም። የሁለት ዓመት እሁዶች ነበሯት። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ግን በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይታገዳል። ያገኘችው የመጨረሻዎቹን ወራት ብቻ ነው። ቀድማ ብትጠይቅ ኖሮ ሌላ ነበር።

ከስድስቱ ባልደረቦቿ በማመልከቻው ላይ አብረዋት የፈረሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም። በኋላ ሁሉም ወደ ፔሮል (የሠራተኞች የደመወዝ መዝገብ) ሲገቡ አንዱ በእጁ የሚገባው ስለቀነሰበት ሥራውን ለቀቀ።

ለሌላ ሰው የሚጠቅም

ተመሳሳይ ውል የያዘ ሰው ሲመጣ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ግብር አይደለም። ስንት ሰዓት ትገባለህ? ማንን ታስፈቅዳለህ? ኮምፒውተሩ የማነው? ሌላ ሰው በአንተ ቦታ መላክ ትችላለህ? መልሱ ወደ ኤሲ ጠጋኙ ካደላ፣ በእርግጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ነው። ያኔ ምክሬ ሌላ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ለግብር የሚሆን ለብቻ አስቀምጥ፣ የወጪ ደረሰኝ ያዝ፣ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞችህን ሰብስብ፣ በዓመቱ መጨረሻ በጊዜ አስታውቅ። ለመዝጊያ ቀን የተሰለፈ ሰው ስህተት አይቶ የሚያርምበት ጊዜ የለውም።

መልሱ ወደ ልጅቷ ካደላ ደግሞ ወረቀት መሰብሰብ ዛሬ ይጀመራል። ባጁን፣ ደብዳቤውን፣ የፈቃድ ቅጹን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። ከተጣሉ በኋላ እነዚህን ማግኘት ከባድ ነው፤ ከቴሌግራም ግሩፑም መጀመሪያ የሚያስወጡት እሱን ነው። ውሳኔ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቀን መቁጠር፣ በጽሑፍ ማመልከት፣ ማኅተም ያለበት ቅጂ መያዝ።

ለቀጣሪዎችም አንድ ነገር አለኝ። ከፔሮል ውጭ ማድረግ በአንድ ሰው በወር 825 ብር ያተረፈ መስሎ ነበር። በ29 ወር 23,925 ብር መሆኑ ነው። ለልጅቷ ብቻ ከኪሱ የከፈለው የግብር ግማሽና ቅጣት ከዚያ በልጧል፤ የጡረታው ውዝፍ ገና ሳይነካ።

አሁን ያለበት

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሕጉ ተሻሽሏል። በአዋጅ 1395/2017 ከሥራ ግብር ነፃ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የእሷ የሥራ ግብር ከ1,685 ወደ 1,350 ብር ወረደ። 335 ብር ተመለሰላት።

ያልተዘጋው የጡረታው ነው። ድርጅቱ በአዋጅ 1268/2014 መሠረት ያስመዘገባት ከየካቲት 2016 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት 29 ወሮች አልገቡም። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና በጽሑፍ አመልክተናል፤ ያንኑ ስድስት ማስረጃ አያይዘን። ሱቁን እህቷ ታይዋን ገበያ ውስጥ በራሷ ስም ከፍታለች። ልጅቷ ግን አሁንም እዚያው ቢሮ ናት። በየወሩ መጨረሻ የደመወዝ ወረቀቷን በስልክ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። እኔም መጀመሪያ የማየው የጡረታውን መስመር ነው፤ 616 ብር ይላል።